በጠባብ ኪስ ጥሬ መመገብ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሰው የሚሆን አሠራር

መጀመሪያ ቃሉን እንለየው። በእኛ አገር «ጥሬ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ልኳንዳ ቤት የሚቆረጠው ሥጋ ነው፤ ገበሬው ዘንድ ደግሞ ያልተፈጨ እህል። እዚህ የምንነጋገርበት እሳት ያልነካው ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ የቅባት እህልና በቆልት ነው። ጥሬ ሥጋና ከጣና የወጣ ጥሬ ዓሣ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሥጋው የኮሶ ትል ያመጣል፤ ዓሣውም የራሱ ጥገኛ ትሎች አሉት፤ ሎሚ ስለተጨመቀበት አይሞቱም። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ፤ የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ።

ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ቁርስና ምሳን ጥሬ፣ እራትን የበሰለ ማድረግ ከሁሉም ይሻላል። እራት ላይ አንድ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ከበላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በፍራፍሬና በቅጠል የማይሞላው ብረትና ጉልበት በትንሽ ወጪ ይሞላል። ሙሉ ቀን ጥሬ ብቻ መብላት ይቻላል፤ ግን እንጀራውን የሚተካው ለውዝ፣ አቮካዶና ተምር ስለሆነ ኪስ ያራቁታል።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ትንንሽ ልጆች፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩት። ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ባዶ ሆዱን ባይነካ ይሻለዋል።

ሂሳቡ ከኪሎ ሳይሆን ከጉልበት ይነሳ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ገዝቶ ይጀምራል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ራሱን ያመዋል፣ ይበርደዋል፣ ማታ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ «ጥሬ ለእኔ አይሆንም» ብሎም ይተወዋል። ያልሆነለት ጥሬነቱ ሳይሆን ጉልበቱ ነው፤ ጎመን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። 500 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም ከአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት ሩቡን ያህል ለማግኘት የሚያስፈልገው በግምት እንዲህ ነው፦ ቲማቲም 2.8 ኪሎ፣ ጥቅል ጎመን 2 ኪሎ፣ ማንጎ ከነልጣጩና ከነፍሬው 1.3 ኪሎ፣ ካሮት 1.2 ኪሎ፣ ሙዝ ከነልጣጩ 900 ግራም፣ አቮካዶ ከነፍሬው 450 ግራም፣ የተፈለፈለ ለውዝ ወይም ሰሊጥ 90 ግራም።

እነዚህን ቁጥሮች በዕለቱ የኪሎ ዋጋ አባዙ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አቮካዶ ኪሎው 80 ብር፣ ጥቅል ጎመን ደግሞ ኪሎው 30 ብር ነው እንበል። 500 ኪሎ ካሎሪ ከአቮካዶ 36 ብር፣ ከጎመን 60 ብር ይፈጃል። በኪሎ ርካሽ የሚመስለው ጎመን በጉልበት ሲሰላ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ጎመኑን ተዉት ማለታችን አይደለም፤ ለቫይታሚንና ለአንጀት ያስፈልጋል። ግን ከበጀታችሁ ሦስት አራተኛው ለሙዝ፣ ለአቮካዶ፣ ለለውዝ፣ ለሰሊጥና ለበቆልት ምስር ይሁን፤ ቀሪው ለቅጠላ ቅጠልና ለቲማቲም ይበቃል።

የአንድ ሰው ቀን ይህን ይመስላል። ጠዋት 3 መካከለኛ ሙዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 30 ግራም ለውዝ፤ ይህም አንድ እፍኝ ገደማ ነው። ምሳ ላይ ከ50 ግራም ደረቅ ምስር የወጣ በቆልት፣ 150 ግራም ጎመን፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ቲማቲም፣ ግማሽ አቮካዶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ሰሊጥ። ከሰዓት በኋላ ወቅቱ የሰጠው ፍራፍሬ፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ወይም ካዝሚር። ማታ እንጀራ በሽሮ። ሲደመር ወደ 1,900 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ሙዝና ለውዙን ይጨምር።

ግዢ

በሳምንት አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ የማይበላሸውን ግዙ፤ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ። የዘጌ ሎሚ በረከሰ ጊዜ በርከት አድርጋችሁ ብትይዙ አይቆጫችሁም፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሳይደራረብ ከተቀመጠ ብዙ ቀን ይቆያል። ቅጠልና ቲማቲም ግን በየሁለት ቀኑ ከሰፈር ጉልት ይገዛ። አመሻሽ ላይ ሻጯ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል የቀረውን መደብ ቀንሳ ትሰጣለች፤ «መርቂልኝ» ማለትም አያሳፍርም። ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝና እጅ ሲነካው የሚለሰልስ አቮካዶ ለዚያው ምሽትና ለማግስቱ ጥሩ ግዢ ናቸው። የፈነዳ፣ ጭማቂው የወጣ፣ የመጠጥ ሽታ ያመጣ ፍራፍሬ ግን በነፃም ቢሆን ይቅርባችሁ።

ከፎገራ በወረታ በኩል፣ ከቆጋ መስኖ ደግሞ በመራዊ በኩል ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በብዛት የሚገባው በበጋ ነው። ማንጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይረክሳል። ዝናቡ ሲጠነክር ቲማቲም በበሽታ ስለሚመታ ዋጋው ይሰቀላል። ወቅቱ ያላመጣውን ማሳደድ የጥሬ አመጋገብን በጀት እንደሚገድለው ሌላ ምንም ነገር አይገድለውም።

ለውዝ ስትገዙ አንድ እፍኝ በመዳፋችሁ ዘርጉና ፍሬውን አንድ በአንድ እዩት። የጠቆረ፣ የጨማደደ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያለበት ከተገኘ ከዚያ ጆንያ አትግዙ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በመታጠብም በመቆላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በጥሬው የማይበሉ

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ።

ጓያ። በፎገራና በደንቢያ ረባዳ መሬት ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀሪ እርጥበት ከሽምብራ ጎን ለጎን ይዘራል፤ እሸቱም የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ አዘውትሮ የበላውን ሰው ከወገብ በታች ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። አካባቢው ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል። ጥሬው፣ ቆሎውና እሸቱ ሁሉም አደገኛ ናቸው፤ በቆልት ማድረግም አያድንም። ለመለየት፦ የሽምብራ እሸት ቅርፊቱ ያበጠ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬውም ድቡልቡል ሆኖ እንደ ወፍ አፍ የሾለ ጫፍ አለው። የጓያ እሸት ቅርፊቱ ረዘምና ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ብዙ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬው ማዕዘን ያለው፣ ጎኑ የተላገ የሚመስል፣ ጥርስ መሰል ነው። ከሽምብራ ወይም ከምስር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ለቀማው ላይ ጊዜ ስጡት።

ግብጦ። መራራነቱ መርዙ ነው። ጎጃም ውስጥ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውሃ እየተለወጠለት የሚበላው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥሬ በቆልት አይሆንም።

ቦሎቄ ወይም አደንጓሬ። በተለይ ቀዩ፣ አራት አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ቢበቅልም መርዙ አይለቅም። አኩሪ አተርም በጥሬው አይበላም። ድንችና ጎደሬ በእሳት ብቻ።

በሐይቁ ዳርና ከብት በሚውልበት ረግረግ የበቀለ ቅጠልም እዚሁ ይመደብ። የጉበት ትል እጭ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ በማጠብ አይተማመኑበትም። ካማራችሁ ቀቅሉት።

ውሃና እጥበት

የጥሬ ምግብ የመጀመሪያ ወጪ ንጹሕ ውሃ ነው። ወጥ ላይ እሳቱ የሚሠራውን እዚህ የሚሠራው እጃችሁ ነው። አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ በጥሬ ሰላጣ ይገባሉ፤ ብዙው አትክልት ደግሞ በምን ውሃ እንደጠጣ አይታወቅም።

ሁለት ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ንጹሕ ጀሪካን አዘጋጁ። የጀሪካኑን ውሃ በውሃ አጋር አክሙት፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡና 30 ደቂቃ ጠብቁ። አለዚያ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ጥቅል ጎመን ሲሆን የውጭውን ሁለት ሦስት ቅጠል ጣሉ፤ የቀረውን በቅጠል በቅጠል ለያዩ። ሰላጣም እንዲሁ፣ ጭንቅላቱን እንዳለ ውሃ ውስጥ መንከር ጭቃውን ከመሃል አያወጣውም። እያንዳንዱን ቅጠል ግራና ቀኙን በአውራ ጣት እያሻችሁ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ይህ ማሸት ከመድኃኒቱ ይበልጣል፤ የወስፋት እንቁላል የሚያጣብቅ ሽፋን ስላለውና ክሎሪን ስለማይገድለው የሚለቀው በማሻሸት ነው።

ከዚያ 5 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። በረኪናው ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ የሆነ መሆኑን ጽሑፉ ላይ እዩ። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በታከመው ውሃ አለቅልቁት። ጭቃው ሳይታጠብ በረኪና ውስጥ ቢገባ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃል፤ ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩት። ከተከፈተ ወራት ያለፈው በረኪናም አቅሙ ይደክማል። ኮምጣጤና ጨው ብቻውን ይህን ሥራ አይተካም። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ፓፓያ ቢላጡም ከመላጣቸው በፊት ይታጠቡ፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና።

በቆልት

ርካሹ የጥሬ ምግብ ይኸው ነው። አንድ ብርጭቆ ምስር ወደ ሦስት ብርጭቆ ይሆናል፤ ብዙ ከሰልም አይጠይቅም። የጠላ ብቅል የሚያበቅል ቤት ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ብቅል ታፍኖ እንዲሞቅ ሲፈለግ፣ ለጥሬ በቆልት ግን ሙቀት ጠላት መሆኑ ነው።

1. ድፍን ምስር ግዙ። ክክ አይበቅልም። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ፣ ቀላ ያለ ቀለም ያለው ወይም የነቀዝ ዱቄት የተነሰነሰበት እህል በፍጹም አይሁን፤ ሻጩን በግልጽ ጠይቁ።

2. 1 ብርጭቆ ምስር በሰፌድ ላይ ልቀሙ። ጠጠር፣ የተሰበረ፣ የተነቀዘ፣ ጓያ ይውጣ። ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ የሚንሳፈፈውን ድፉ።

3. በ4 ብርጭቆ የታከመ ውሃ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ዘፍዝፉ። ማታ ከተዘፈዘፈ ጠዋት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከቆየ ፍሬው ይታፈንና ከመብቀል ይልቅ ይኮመጥጣል።

4. የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ። አለቅልቁና ወንፊት ላይ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉት። በታጠበ የነጠላ ቁራጭ ሸፍኑ። ወንፊቱ ሳህን ላይ ዘመም ብሎ ይቀመጥ፤ ከታች የተኛ ውሃ የመበስበስ መነሻ ነው።

5. ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ በታከመ ውሃ አለቅልቁ፤ የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት በመጋቢትና በሚያዝያ አራት ጊዜ ይሁን። እጃችሁን ከክምሩ መሃል አስገቡ፤ ሞቅ ካለ አሳሱት።

6. ምስር ከ36 እስከ 48 ሰዓት ጭራው የፍሬውን ያህል ሲረዝም ደረሰ። ማሾም ሁለት ቀን ገደማ ይበቃዋል። ሽምብራ ሁለት ቀን ተኩል ይፈልጋል፤ ጭራው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይበቃል፤ ካለፈ ይመርራል።

በሁለተኛው ቀን ሥሩ ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። የሥር ፀጉር ከሆነ ውሃ ሲነካው ተለጥፎ ይጠፋል፤ ሽታውም እንደ ጥሬ አተር ነው። ሻጋታ ከሆነ ውሃም አይደብቀው፣ ክር ሠርቶ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይሄዳል፣ የምድር ቤት ሽታ አለው። ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ወይም የሚኮመጥጥ በቆልትም ይደፋ፤ ማጠብ አያድነውም።

ለበቆልት የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ይመቻል። ስለዚህ የደረሰውን በቆልት በወንፊት እንዳለ ለ1 ደቂቃ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣትን እንመክራለን፤ ሽምብራ ሲሆን ደግሞ ሦስት አራት ደቂቃ። «ታዲያ ጥሬነቱ የቱ ላይ ነው?» የሚል ይኖራል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጤንነት ከስሙ ይቀድማል፤ መንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ማፍላትም ኪስ አይጎዳም። በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት የሾርባ ማንኪያ አትለፉ፤ ሆድ ሳይለምደው ከበዛ ይነፋል።

የምሳው አደራረግ

ጎመን በጥሬው ጠንካራ የሚሆነው ሰው ስለማያሸው ነው። አገዳውን አውጡ፣ ቅጠሉን ጠቅልላችሁ እንደ ክር ክተፉት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩና ሦስት ደቂቃ በጣታችሁ እሹት። ቀለሙ ይጠቁራል፣ መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ጥሬ ጎመን በየቀኑ ሲበላ ሰውነት አዮዲን እንዳይጠቀም ስለሚያውክ እንቅርት ላለበት ሰው አይመከርም።

ማባያው ከስናፍጭና ከሰሊጥ ይሠራል። 2 የሾርባ ማንኪያ ስናፍጭ ወቅጡና በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ የታከመ ውሃ ለውሱ። 10 ደቂቃ ተዉት፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ትኩስ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ወይም ሎሚውን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ኃይሉ ሳይወጣ ይቀራል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሎሚ፣ ጨው፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ሌሊት ተዘፍዝፎ የተወቀጠ 3 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ አዋሕዱት። ለሦስት ሰው ይበቃል። ሰሊጥም ተልባም ካልተፈጩ እንደገቡ ይወጣሉ። ጥሬ ተልባ በቀን ከ2 የሾርባ ማንኪያ አይለፍ።

ከምግቡ ጋር የሚጨመቀው ሎሚ የምስሩንና የቅጠሉን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ይራቅ።

ቫይታሚን ቢ12 በፍራፍሬም በቅጠልም በበቆልትም ውስጥ የለም። ከጾም ውጭ እንቁላልና የፈላ ወተት የምትወስዱ ከሆነ ከዚያ ታገኛላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማትነኩ ከሆነ ግን ከመድኃኒት ቤት ክኒኑን ግዙ፤ የአዋቂ የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮ ግራም ነው። እጅና እግር መደንዘዝና የማይለቅ ድካም የእጥረቱ ምልክቶች ናቸው፤ ሲታዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ያለ ማቀዝቀዣ ማቆየት

አንድ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገቡ፤ መሃሉን በአሸዋ ሙሉትና ጠዋትና ማታ አሸዋውን አርጥቡ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀምጡት። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ካሮት፣ ቃሪያና ጎመን ሁለት ሦስት ቀን ተጨማሪ ይቆያሉ። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፣ ማሰሮውም አይቀዘቅዝም፤ ያን ጊዜ በየቀኑ መግዛት ይሻላል። በቆልት ማሰሮው ውስጥም ቢሆን ከአንድ ቀን አይለፍ።

ለክረምት የሚሆን ቲማቲም በየካቲትና በመጋቢት፣ ሲረክስ ይደርቃል። ጠንካራ ቲማቲም ምረጡ፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ክተፉ፣ ጨው ነስንሱበት፣ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ በስስ ጨርቅ ከዝንብ ከልሉት። ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ ጤዛ ከነካው ይሻግታል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ፀሐይ በኋላ ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሚሆነው ገና ነው፤ ለክረምት የሚቆየው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከ1 ኪሎ የሚገኘው 70 ወይም 80 ግራም ብቻ ነው። በደረቀ ጠርሙስ ክደኑት። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርሙሱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጤዛ ከታየ አልደረቀም፤ አውጥታችሁ እንደገና ፀሐይ ስጡት። በሐምሌ ለምሳ ሲፈለግ አንድ እፍኝ በታከመ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ የዘፈዘፈውንም ውሃ ማባያው ላይ ጨምሩት።